የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አልጌ አልለቅ ያለው የዓሣ ገንዳ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ዓሣና ተክል አብረው በሚኖሩበት ገንዳ ውስጥ አልጌ ተነሥቶ አልጠፋ ብሏል፤ ምን መድኃኒት እንጨምር? መድኃኒት አለ፤ መጠኑንም ከታች ጽፈናል። ነገር ግን አልጌ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁሩን የሚገድለው ነገር መስታወት ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ነጥብ አይነካውም፤ ውሃውን ያለመለመውን አልጌ ደግሞ በብሩሽ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ፤ ቀጥሎ ያበቀለውን ምክንያት ያስተካክሉ፤ ከዚያ በእጅ ያጽዱ። ኬሚካል ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ነው። ምክንያቱ ሳይነካ ኬሚካል የጨመረ ሰው ከወር በኋላ ያው አልጌ ይመለስበታል።

ጥያቄ፦ ገንዳዬ 80 በ35 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ ተክሎች አሉበት። ለተክሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምሰጠው በሃይላንድ ውስጥ ስኳርና እርሾ በጥብጬ ነው። መብራቱ በቀን 10 ሰዓት ይበራል። የቅጠሎቹ ጠርዝ፣ እንጨቱና የፊልተሩ አፍ ላይ ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር በቅሏል። ብፈትገውም አይለቅም። (ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ)

መልስ፦ ይህ ከሁሉም እልኸኛው ነው። ጥቁር ቢመስልም ዝርያው ከቀይ አልጌዎች ወገን ነው። እርግጠኛ ለመሆን አልጌ የያዘ ቅጠል ቆርጠው በፋርማሲ አልኮል ውስጥ ይንከሩት፤ ሲቆይ ወደ ቀይ ይለወጣል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ቅጠል ይወዳል፤ አኑቢያስ ላይ የሚበረታውም አንድ ቅጠል ብዙ ወር ስለሚቆይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያበረታው ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።

የእርሾ ጠርሙስ ደግሞ መጠኑን አንድ አድርጎ መያዝ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ይፈላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይደክማል፤ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል። ተክሉ ከአንዱ መጠን ጋር ሳይላመድ ሌላ ይመጣበታል። ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው ሁለት ጠርሙስ አድርጎ በአንድ ሳምንት ልዩነት ማስጀመር ነው። ለእያንዳንዱ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ 400 ግራም ያህል ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው። ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይኑር። ሁለተኛው ምርጫ ካርቦኑን ጨርሶ መተው ነው። እኛ ለእርስዎ የምንመክረው ይህንን ነው። አኑቢያስም ጃቫ ፈርንም ያለ ተጨማሪ ካርቦን በደንብ ይኖራሉ፤ መብራቱ መጠነኛ እስከሆነ ድረስ ምንም አያጡም።

መብራቱን ዛሬውኑ ወደ 6 ሰዓት ያውርዱት። አንድ ወር እንዲያው ይቆይ። መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ካለዎት ዓይነቱንም ያረጋግጡ፤ የሚሽከረከር ባለ ጥርስ ታይመር ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይቆማል። ለ4 ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ገንዳው ከዚያ ቀን ጀምሮ 4 ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ ያገኙታል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን ይጠብቃል። ለአዲስ አበባ ገንዳ ከውድ ማዳበሪያ ይልቅ ይህ ይቅደም።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። በመጀመሪያ የውሃውን ትክክለኛ መጠን ያስሉ። 80 በ35 በ40 ሲባዛ 112 ሊትር ይሆናል፤ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር 14 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ከላይ የተተወው 3 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ወደ 8 ሊትር ተኩል ይቀንሳል። የቀረው 90 ሊትር ነው። መድኃኒት ሁሉ የሚመጠነው በዚህ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው አይደለም።

በጣም የተጠቃውን ቅጠል ከግንዱ ቆርጠው ይጣሉት፤ አይድንም። እንጨቱን አውጥተው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በብሩሽ ይቀቡት፣ 5 ደቂቃ ይተዉትና በውሃ ያለቅልቁት። የፊልተሩን ቱቦ ለብቻው አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጠው ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በብዙ ውሃ አጥበው ሽታው እስኪጠፋ አየር ላይ ያድርቁት። በረኪናን ከፐርኦክሳይድም ከኮምጣጤም ጋር ፈጽሞ እንዳያገናኙ፤ ከኮምጣጤ ጋር የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ገንዳው ውስጥ ለቀረው ፊልተሩን ያጥፉ። ውሃው ሲረጋ 3 በመቶውን ፐርኦክሳይድ በሲሪንጅ ስበው፣ የሲሪንጁን ጫፍ አልጌው ላይ አስጠግተው ቀስ ብለው ይልቀቁ። ለ90 ሊትር በአንድ ቀን በጠቅላላው 22 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ይኸውም ለ4 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከ33 ሚሊ ሊትር አይለፉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን ይክፈቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ሌላው ጥግ ይሂዱ። የተመታው አልጌ በሦስት በአራት ቀን ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል፤ ያኔ ሞቷል። ቀለሙ ካልተለወጠ ፐርኦክሳይዱ አርጅቷል ማለት ነው፤ ከተከፈተ የቆየ ጠርሙስ ኃይሉን ያጣል። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ወዲያው ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። ሽሪምፕ ካለ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ።

ፐርኦክሳይዱ ከፋርማሲ ይሁን። ለፀጉር ማቅለሚያ የሚሸጠው «20 ቮልዩም» 6 በመቶ ነው፤ ሌላ ቅባትም ስለሚደባለቅበት ለዓሣ አይሆንም።

አንድ ነገር ለአዲስ አበባ አንባቢ ሁሉ እንጨምር። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከ8.3 ወደ 6.2 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ይወርዳል። በውጭ አገር መጽሔት ላይ «ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የተባለው ገንዳ እዚህ ያንን ላይችል ይችላል። ስለዚህ የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያንቀጠቅጥ አድርገው ያዙሩት፤ ሌሊት ደግሞ የአየር ፓምፕ ያብሩ። መብራት ከ3 እና 4 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከቆየ የተዘጋው ፊልተር ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅን ያልቅበትና ይበላሻል፤ መብራት ሲመጣ ያንን ውሃ ደፍተው በገንዳው ውሃ ካለቀለቁ በኋላ ያስነሡት። ሳይደፉ ካስነሡት የተከማቸው አሞኒያ ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣው መርዝ፣ ለአልጌው ቀለብ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ዳር ተክል ነቅዬ ገንዳዬ ውስጥ ተከልኩ። አሁን ረጃጅም አረንጓዴ ክር ሁሉንም ተብትቦታል፤ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችም ፈልተዋል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከክሩ በፊት ስለ ቀንድ አውጣው እንነጋገር። በሐዋሳም፣ በዝዋይም፣ በጣናም ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ ጠፍጣፋ ጥቅልል ቅርፊት ያለው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። በተህዋሲው የተያዘ ቀንድ አውጣ ገንዳው ውስጥ ከገባ ትሎቹን እዚያው ይለቃል፤ ትሎቹ በቆዳ በኩል ይገባሉ። ስለዚህ እስኪያጠፏቸው ድረስ ያለ ረጅም የጎማ ጓንት እጅዎን አይንከሩ፤ ልጆችም እንዳይነኩ። ውሃ ለመሳብ የጎማ ቱቦ በአፍ አይምጠጡ። ያዩትን ቀንድ አውጣ በማንኪያ እየለቀሙ በፈላ ውሃ መግደል ይቻላል፤ ግን እንቁላሉ በተክሉ ላይ ስለሚቀር የእኛ ምክር ከሐይቁ የመጣውን ተክል በሙሉ አስወግደው ከሌላ ገንዳ የተገኘ እንዲተክሉ ነው።

ክሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንደ ጥጥ እየጠቀለሉ ያውጡት። በአንድ ቀን የቻሉትን ያህል፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና። ከዚያ መብራቱን ወደ 6 ሰዓት ያውርዱና ቶሎ የሚያድግ ተክል ይጨምሩ፤ የገንዳውን ወለል ሦስት አራተኛ እስኪሸፍን ድረስ ይትከሉ። አምስት ስድስት ግንድ ብቻ ያለው ገንዳ ለአልጌ ክፍት ቦታ ነው። ጠንካራ ቅጠል ያለው ተክል ላይ የቀረውን ክር አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጠው ለ90 ሴኮንድ ያህል ነክረው፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ ክሎሪን ማጥፊያ በተጨመረበት ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናው ሽቶ የሌለው ይሁን። ሞስና ቫሊስኔሪያ የሚባሉት ተክሎች ይህን አይችሉም፤ ይቀልጣሉ።

የሚያወጡትን ተክልና ውሃ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦይ አይመልሱ፤ ደረቅ መሬት ላይ ይድፉ፣ ተክሉን ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ጣናን የወረረው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ጉልበት እንደፈሰሰበት ሁላችንም እናውቃለን። እምቦጭ ራሱ ምግብ ከውሃ በመምጠጥ አልጌን ስለሚያስርብ «ገንዳዬ ላይ ላንሳፍፈው?» ብለው የጠየቁን አሉ። አታድርጉት። አንድ ቅንጣቢ ከባልዲ ጋር ወጥቶ ወንዝ ከገባ ተመላሽ የለውም።

ጥያቄ፦ በሳምንት ግማሹን ውሃ እቀይራለሁ፤ ውሃውን ሌሊቱን በባልዲ አሳድሬ ነው። ሆኖም በቀየርኩ በሁለተኛው ቀን መስታወቱ አረንጓዴ አቧራ ይለብሳል፣ ዓሣዎቹም ይፈዛሉ። (ከዋሺንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ውሃ ማሳደር የሚሠራው ለክሎሪን ነው። በእርስዎ ከተማ ግን የቧንቧው ውሃ በአብዛኛው ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ይህ የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ በማሳደር አይተንም። በየዓመቱ ከማርች መጨረሻ ግድም ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፤ በዚያ ወቅት ሽታው የሚበረታውም ለዚህ ነው። ርካሹ ክሎሪን ማጥፊያ፣ ማለትም ሶዲየም ቲዮሰልፌት ብቻ ያለበት፣ ክሎራሚኑን ሲሰብር አሞኒያውን ነጻ ይለቀዋል። ዓሣው የፈዘዘው፣ አልጌውም በሁለት ቀን የተነሣው ሳይታከም በገባው ክሎራሚንና ከእሱ በሚወጣው አሞኒያ ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንና አሞኒያን እንደሚይዝ የተጻፈበትን ይግዙ። በባልዲ ሲያዘጋጁ ለባልዲው ውሃ ይመጥኑ፤ በቀጥታ ከቧንቧ ወደ ገንዳው የሚሞሉ ከሆነ ግን ለገንዳው ሙሉ መጠን ይጨምሩ፣ ከመሙላትዎም በፊት ይሁን።

ሌላም ነገር አለ። በዲሲ ውሃ ውስጥ የቧንቧ እርሳስ እንዳይሟሟ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመራል። ስለዚህ በመመርመሪያው ፎስፌት ቢያዩ አይደንግጡ፣ ፎስፌት መሳቢያም አይግዙ። ተክሉ በደንብ እያደገ ባለበት ገንዳ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ፎስፌት ጉዳት የለውም። እንዲያውም የአረንጓዴ ነጥብ አልጌ የሚመጣው ፎስፌት ሲያንስ ነው።

የአረንጓዴውን አቧራ መስታወት ላይ በየቀኑ አይጥረጉ። ሲጠረግ ዘሩ ውሃው ውስጥ ተበትኖ ተመልሶ ይለጠፋል። ለሦስት ሳምንት ሳይነኩት ይተዉት፤ አርጅቶ እንደ ቆዳ ሲወፍር ጠርገው፣ የጠረጉትን በቱቦ ስበው፣ ያኔውኑ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። ማየቱ ያስቸግራል፣ ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጠጠሩ ላይ አረንጓዴ ሰማያዊ ልጣጭ ተነጥፏል፤ ሲነሣ እንደ ጨርቅ ይገፈፋል፣ መጥፎ ሽታ አለው። ጓደኛዬ አንቲባዮቲክ ጨምር አለኝ። ለተክሎቹ ደግሞ ዩሪያ ማዳበሪያ በትንሹ መጨመር ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ አይቻልም። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል። ለጤፍና ለስንዴ የተዘጋጀ ማዳበሪያ ገንዳ ውስጥ ቢገባ ዓሣ ሊጨርስ ይችላል።

ልጣጩ አልጌ ይምሰል እንጂ ባክቴሪያ ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል። ስለዚህ ጓደኛዎ እንዳሉት አንቲባዮቲክ ይገድለዋል። እኛ ግን አንመክርም፤ መድኃኒቱ ያለበትን ውሃ ወደ ፍሳሽ መድፋት የሰውን መድኃኒት የሚቋቋም ተህዋሲ ያራባል፣ የፊልተሩንም ጠቃሚ ባክቴሪያ ሊጎዳ ይችላል። ያለ እሱም ይጠፋል።

ልጣጩን በቱቦ እየሳቡ አውጡና ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። መብራቱን አጥፍተው ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በጥቁር ላስቲክ ለሦስት ሙሉ ቀን ይሸፍኑት። በቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ሥራውን ያበላሻል፤ «ለማየት ያህል» ብለው አይግለጡ። ዓሣውን በእነዚያ ቀናት አይመግቡ፤ ጤነኛ ዓሣ ሦስት ቀን ጦም ማደር አይጎዳውም። የአየር ፓምፑ ቀን ከሌት ይሥራ፤ የሚሞተው ልጣጭ ኦክስጅን ይጨርሳልና። በአራተኛው ቀን ገልጠው የሞተውን ስበው እንደገና ግማሹን ውሃ ይቀይሩ።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጣጩ ሁለት ነገር ይወዳል፦ ውሃ የማይንቀሳቀስበት ጥግና የናይትሬት (የተክል ምግብ) እጥረት። ናይትሬት ይለኩ። ከ5 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ወደ 10 እና 20 መካከል ያውጡት። 1 ግራም ንጹሕ ፖታሲየም ናይትሬት በ100 ሊትር ውሃ ናይትሬቱን በ6 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ በአንድ ቀን 1 ግራም፣ በማግስቱ ለክቶ ሌላ 1 ግራም። የፊልተሩን መውጫ ልጣጩ ወደነበረበት ጥግ ያዙሩ።

ጥያቄ፦ ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሣዎቹ አይታዩም። በየቀኑ ብቀይርም ይመለሳል። ገንዳው መስኮት አጠገብ ነው፣ ሙቀቱ 31 ዲግሪ። (ከዱባይ)

መልስ፦ ይህ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን አልጌ ስለሆነ ውሃ በመቀየር አያልቅም፤ የቀረው በሁለት ቀን ተባዝቶ ቦታውን ይሞላል። ከላይ እንዳልነው ለሦስት ወይም ለአራት ቀን መሸፈን ይሠራል። የማያዳግመው ግን አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ማጣሪያ ነው፤ ለ100 ወይም ለ150 ሊትር 9 ዋት ይበቃል። ውሃው በቀስታ ይለፍበት፤ በፍጥነት ካለፈ አልጌው ሳይሞት ይመለሳል። ውሃው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠራል። መስታወት ላይ የተለጠፈውን ግን አይነካውም።

ከመስኮቱ ያርቁት፤ ካልተቻለ ጀርባውንና ጎኑን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑ። ለሙቀቱ ክዳኑን ገልጠው በውሃው ገጽ ላይ ትንሽ ቬንትሌተር ያስነፍሱበት፤ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያወርዳል። የሚተነውን ሲተኩ በተጣራ ውሃ ይሁን እንጂ በቧንቧ ውሃ አይሁን፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ እዚያው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በአጭሩ፦

*አዲስ ገንዳ በሦስተኛው ሳምንት ቡናማ አቧራ ለበሰ (ከመቀሌ)።* ዳያተም የሚባል ቡናማ አልጌ ነው። በስፖንጅ ይጥረጉት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ምንም አይጨምሩበት።

*መስታወቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ በስፖንጅ አይለቅም (ከቴል አቪቭ)።* በምላጭ በ45 ዲግሪ አጋድመው ይፋቁት። ገንዳው አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ከሆነ ምላጭ ይጭረዋል፤ ባረጀ የፕላስቲክ ካርድ ይጠቀሙ። ከዚያ ፎስፌት ይለኩ፤ ዜሮ ከሆነ ለ100 ሊትር 0.1 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 0.7 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጣል። ይህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

*«ፈሳሽ ካርቦን» የሚባለው አልጌ ይገድላል? (ከፍራንክፈርት)* ግሉተራልዴሃይድ ነው፤ ጥቁሩን አልጌ ይገድላል። በጠርሙሱ ላይ ካለው መጠን አያሳልፉ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ትነቱን አይተንፍሱ። ቫሊስኔሪያ ካለዎት ይተዉት፤ ተክሉ ከአልጌው ቀድሞ ይቀልጣል።

*አልጌ የሚበላ ዓሣ ብገዛስ? (ከአዲስ አበባ)* ሱቅ ውስጥ በጣት ርዝመት የሚሸጠው ፕሌኮ ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ቆሻሻውም የዚያኑ ያህል ነው፤ ለ100 ሊትር አይሆንም። አማኖ ሽሪምፕ ክሩን፣ ኔሪት ቀንድ አውጣ ነጥቡን፣ ኦቶሲንክለስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቡናማውን ይበላሉ። ጥቁሩን የሚደፍረው የሲያም አልጌ በል የሚባለው ዓሣ ነው፤ እሱም ልጅ እያለ ነው እንጂ ሲያድግ የዓሣ ምግብ ይመርጣል። ማንኛቸውንም ሲገዙ ለዓሣዎቹ የሚሰጡትን ምግብ በግማሽ ይቀንሱ፤ የጠገበ ዓሣ አልጌ አይበላም።